ትንሹ ዓባይ ከየት ተነሥቶ የት ይገባል?



ባለፉት ሳምንታት ፊደል ቆጥረናል። ቃል መሥርተናል። አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችንም አንብበናል። ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘንላችሁ መጥተናል። አይዟችሁ! ጽሑፉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። አንዱን ክፍል ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ማንበብ ይቻላል። ወንዝም ቢሆን በአንድ ቀን ከምንጩ እስከ መጨረሻው አይደርስም።

የዛሬው ንባባችን ስለ ወንዝ ነው። እናንተ ወንዝ ታውቃላችሁ። ከብት አጠጥታችሁበታል፤ ልብስ አጥባችሁበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ፈርታችሁታል። እኛ የምናስተምራችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ወንዝ ባሕርይ ከእናንተ ብዙ እንደምንማር እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። አብዛኞቻችን የምናውቀው በቀያችን የሚያልፈውን ቁራጭ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግበት አናይም። ከታች ያለውም ሰው ምን እንደሚደርስበት አናይም። ከአንድ ቃል ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ አይቶ ቃሉን አነበብሁ ማለት ይቻላል? አይቻልም። ወንዝም እንደዚያው ነው። ሙሉውን ለማንበብ ከምንጩ መጀመር አለብን።

ለምሳሌ የመረጥነው ግልገል ዓባይን ነው።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ግልገል የሚባለው የፍየል ወይም የበግ ልጅ ነው። ገና ያልጠነከረ፣ ከእናቱ ኋላ የሚዘል ትንሽ እንስሳ። ግልገል ዓባይ ማለት እንግዲህ ትንሹ ዓባይ፣ ልጁ ዓባይ ማለት ነው። ትልቁ ዓባይ ደግሞ ባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ነው።

ግልገሉ ወደ ጣና ይገባል። ትልቁ ከጣና ይወጣል። ይህን በልባችን እንያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ምንጩ

ግልገል ዓባይ የሚነሣው በጎጃም፣ በሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ቦታ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ውኃው ከተራራ ሥር፣ ከጨፌ መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል። ድምፅ የለውም። አረፋ የለውም። ለማያውቅ መንገደኛ ተራ ምንጭ ነው።

ለአገሩ ሰው ግን ተራ ምንጭ አይደለም። ጠበል ነው። ብዙ ምእመናን ከሩቅ አገር ይሄዱበታል። ስለ ስሙም የሚነገር አለ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚባሉ አባት ሊታሰሩ በተወሰዱ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ ይባላል። ከእስር ተፈትተው በተመለሱ ጊዜ «ግሺ፣ ዓባይ» አሉት። አደራህን መልስ ማለታቸው ነው። ውኃውም መጻሕፍቱን ሳይርሱ አወጣላቸው ይባላል። ግሽ ዓባይ የሚለው ስም ከዚህ መጣ ብለው አባቶች ይተርካሉ።

ይህን ተረክ ለእናንተ ለአዲስ አንባቢዎች ስናነብ ደስ ይለናል። መጽሐፍ እንደ አደራ የሚቆጠርበት አገር መሆኑን ያሳያልና።

ከውጭ አገርም ምንጩን ለማየት የመጡ ነበሩ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1610 ዓ.ም. አይቶታል። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ደግሞ በ1763 ዓ.ም. ደርሶበታል። በየአገራቸው «የዓባይን ምንጭ አገኘን» ተብሎ ተጻፈላቸው። የሰከላ ገበሬ ግን ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም። ከብቱን ሲያሰማራበት፣ ጠበሉን ሲጠጣ የኖረ ነው። የጻፈ ሰው ስሙ ይቀራል፤ ያልጻፈ ሰው እያወቀም ስሙ ይረሳል። ፊደል መማር ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ቁልቁለቱ

አሁን እስቲ ሒሳብ እንሥራ። እርሳስ ያዙ።

ምንጩ ያለበት ከፍታ በትንሹ 2,700 ሜትር ነው። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከ2,700 ላይ 1,800 ስንቀንስ ስንት ይቀራል?

900 ይቀራል። ግልገል ዓባይ ከምንጩ እስከ ጣና ቢያንስ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። 900 ሜትር ስንት ነው? ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70 የሆነ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቢቆሙ ነው።

ርቀቱስ? እንደ አሞራ በቀጥታ ብንበር ከምንጩ እስከ ሐይቁ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዝ ግን እንደ አሞራ አይሄድም። ድንጋይ ሲገጥመው ይዞራል። ሜዳ ሲያገኝ ይጥመዘመዛል። ስለዚህ የሚጓዘው መንገድ ከዚያ በጣም ይረዝማል።

የሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ሰሜን ነው። ጧት ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ። ግራ እጃችሁ የሚያመለክተው ሰሜን ነው።

የላይኛው ክፍል ገደላማ ነው። ውኃው ይሮጣል። የሚሮጥ ውኃ ጉልበት አለው፤ ድንጋይ ያንከባልላል፤ አፈር ይቆፍራል። የታችኛው ክፍል ደግሞ ሜዳ ነው። ውኃው ይዘገያል። የዘገየ ውኃ ጉልበት ያንሰዋል፤ የተሸከመውን ያወርዳል። ሸክም የከበደው አህያ ሜዳ ሲደርስ እንደሚያራግፈው ማለት ነው። ይህ ነገር ኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

ገባሮቹ

ወንዝ ብቻውን አያድግም። ትንንሽ ወንዞች እየተቀላቀሉት ይሄዳል። እነዚህ ትንንሽ ወንዞች ገባር ይባላሉ። ገባር የሚለውን ቃል አባቶቻችን በሌላ መንገድ ያውቁታል። በቀድሞ ጊዜ ገባር ለባለ ጉልቱና ለመኳንንቱ እህል፣ ማርና ጉልበት ያስገባ ነበር። ገባር ወንዝ ደግሞ ለትልቁ ወንዝ ውኃ ያስገባል።

ከግልገል ዓባይ ገባሮች አንዱ ቆጋ ነው። ሌላው ጀማ ነው። ይህ ጀማ የሸዋው ጀማ አይደለም፤ ስማቸው አንድ ነው እንጂ ወንዞቹ ይለያያሉ። ከእነዚህ ሌላ ስማቸው በየቀበሌው ብቻ የሚታወቅ ብዙ ጅረቶች አሉ። እናንተ የምትሻገሩት ስም የለሽ የሚመስለው ጅረትም የአንድ ወንዝ ገባር ነው። ሳይገብር የሚቀር ውኃ የለም።

ዝናብ ሲዘንብ ውኃቸው ወደ ግልገል ዓባይ የሚወርድ ተራሮች፣ ማሳዎች፣ ጓሮዎችና ጎዳናዎች ሁሉ ባንድነት የወንዙ ተፋሰስ ይባላሉ። ተፋሰስ አዲስ ቃል ነው። በደብተራችሁ ጻፉት። ከተፋሰሱ ውስጥ የሚኖር ሰው ወንዙን በዓይኑ ባያየውም የወንዙ ጎረቤት ነው።

ሜዳው

ወንዙ ከሰከላ ደጋ ወርዶ ወደ ሜጫና ወደ አቸፈር አገር ይደርሳል። እዚህ ሜዳው ይሰፋል። አፈሩ ቀይ ነው። በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ያበቅላል። በየመንደሩ ጀርባ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ በጥንት ዘመን ከመሬት ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ አይታችኋል? እንደ እንጀራ ዓይን ያለው? ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው አየር ያወጣው ዓይን ነው።

ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ ግልገል ዓባይን በድልድይ ይሻገረዋል። አጠገቡ ያለችው ከተማ ወተት ዓባይ ትባላለች። መኪና ድልድዩን በአፍታ ያልፈዋል። መንገደኛው ምናልባት ወንዙን ልብ አይለውም።

እንዲህ ባሉ ድልድዮች አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ በውኃው ውስጥ ተተክሎ ሊታይ ይችላል። ውኃው እስከየትኛው ቁጥር እንደደረሰ ጧትና ማታ አንድ የሰፈሩ ሰው ያነባል፤ በደብተርም ይመዘግባል። ግድብ የሚሠራው መሐንዲስም፣ ስለ ጎርፍ የሚያስጠነቅቀውም መሥሪያ ቤት ከዚህ ደብተር ይነሣል። ሥራው ቁጥር ማንበብና መጻፍ ነው። አሁን እናንተም የምትችሉት ሥራ ነው።

ገባሩ ቆጋ ላይ፣ መርዓዊ ከተማ አጠገብ፣ የመስኖ ግድብ አለ። ውኃው ማሳ መድረስ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። አንድ ሄክታር በጎጃም ገበሬ ልኬት አራት ቃዳ ነው። 7,000ን በ4 አባዙ። 28,000 ቃዳ ይሆናል። ግድቡ ክረምት የወረደውን ውኃ ይዞ ያቆየዋል። በበጋ በቦይ እያወረደ ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ጎመን ያበቅላል። በዓመት አንድ ጊዜ ያመርት የነበረ ገበሬ ሁለት ጊዜ ማምረት ቻለ። ነገር ግን ግድብ ጠላት አለው። ጠላቱ ደለል ነው። ከተራራ ታጥቦ የመጣ አፈር ግድቡን ከሥር እየሞላ የውኃውን ቦታ ይወስድበታል። የግድቡ ዕድሜ እንግዲህ የተወሰነው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከላይ ባለው ገበሬ እርሻም ነው።

ክረምትና በጋ

በዚህ አገር ዝናቡ በአብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወንዙ በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል፤ ያገሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሰውነቱ ይከሳል፤ በብዙ ቦታ በእግር ይሻገሩታል።

ታዲያ ዝናብ በሌለበት በበጋ ውኃው ከየት ይመጣል? ከመሬት ውስጥ ነው። በክረምት ወደ አፈር የሰረገው ውኃ በበጋ ቀስ በቀስ በምንጭ በኩል ይወጣል። አፈር ጎተራ ነው። ክረምት ይከተታል፤ በጋ ይወጣል። ሣርና ዛፍ ያለበት መሬት ብዙ ይከታል። የተራቆተ መሬት ግን አይከትም፤ ውኃውን በላዩ አንሸራቶ ይሰደዋል። ስለዚህ የተራቆተ አገር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ክረምት በጎርፍ፣ በጋ በጥማት።

ስለ መሻገር ደግሞ አንድ ብርቱ ነገር እንንገራችሁ። አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። እናንተ ባላችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ከላይ ተራራው ላይ ግን ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ያ ውኃ መንገድ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። የተራራው ራስ ጠቁሯል? ውኃው በድንገት ደፍርሷል? ቅጠልና ጭራሮ ይዟል? ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ አለ? ከነዚህ አንዱ ካለ አትግቡ። ልጆችንም፣ ከብትንም አታስገቡ። ውኃው ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚሮጥ ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም አይመካበት። ገበያ ነገ አለ። ማኅበርም በሌላ ቀን ይጠጣል። ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ በማግስቱ ይማራል። ውኃ የወሰደው ልጅ ግን አይመለስም።

ደፍራሹ ውኃ ምን ይዟል?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። እስቲ እንጠይቅ። ግንዱ ከየት መጣ? ከአንድ ሰው ተራራ ላይ ነው። ውኃውስ ለምን ቀላ? የአንድ ሰው ማሳ ስለያዘ ነው።

በክረምት ቀልቶ የሚወርደው ውኃ ከላይ የታጠበ አፈር ነው። ያውም ምርጡ አፈር ነው። ፍግ የፈሰሰበት፣ ማዳበሪያ በውድ ተገዝቶ የተበተነበት የላይኛው አፈር። አንዲት ጣት የማትሞላ አፈር ለመፈጠር በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅባታል። ለመታጠብ ግን አንድ ክረምት ይበቃታል።

በንባብ ክፍላችን ይህን ጉዳይ ስናነሣ ክርክር ተነሣ። ክርክሩን እንደ ሰማነው እንጽፈዋለን።

አንድ አባት እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ የምትሉት እውነት ነው። ግን መሬቴ ጠባብ ነው። ልጆቼ ብዙ ናቸው። እስከ ወንዙ ዳር ካላረስሁ ምን እበላለሁ?»

ከማሳቸው በታች የሚያርሱ ጎረቤታቸው ቀጠሉ፦ «ዳሩስ ይሁን። የእርስዎ ፈሰስ ግን ማሳዬን ቦረቦር አደረገብኝ። ጤፌን ይዞብኝ ሄደ። ስንት ጊዜ ተናገርሁ?»

ፈሰስ ለማታውቁ፣ ገበሬ ውኃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በሰያፍ የሚያወጣው ትልም ነው። የራሱን ማሳ ያድናል። ነገር ግን ውኃውን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ይለቀዋል። ከታች ያለው ሰው ማሳ ላይ ከተለቀቀ ይቆፍራል። ብዙ ጎረቤት በዚህ ተጣልቷል፤ ሽማግሌ ዘንድም ተካሷል።

ያው አባት መለሱ፦ «ፈሰሱን ካላወጣሁ የእኔ ሰብል ይበሰብሳል። ወዴት ልልቀቀው? ሰማይ ላይ አልሰቅለው!»

ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄያቸው ግን የሳቅ አይደለም። እኛም ቶሎ መልስ አልሰጠንም። ውኃ የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያደርገው ሁሉ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ መግፋት ነው። ስለዚህ መልሱ በአንድ ማሳ ውስጥ አይገኝም።

በመጨረሻ አንዲት እናት እንዲህ አሉ፦ «የላይኛውም የታችኛውም ፈሰስ በአንድ ቦይ ይገናኝ። ቦዩ ሣር ይልበስ። ሣሩን ለከብት በየተራ እንጨደው። ቦዩ የሁላችን ነው፤ ሲደፈን ሁላችን እንጥረገው።» ይህ ነገር ለብዙዎች አሳማኝ ሆነ። ባለ መሬቱ አባትም «ከማን መሬት ላይ ይወጣል የሚለው ይቅደም» አሉ። እሱም ትክክል ነው። ቦዩ ከሁለቱም ድንበር እኩል ቢወጣ ይሻላል የሚሉ በዙ። ለመስኖ ውኃ ተራ የሚያከፋፍሉ የውኃ አባት በብዙ አካባቢ አሉ። ለጎርፍ ውኃም እንዲሁ የሚዳኝ ሽማግሌ ቢኖር ምን ይከፋል?

ዳር ድረስ ስለማረስ ደግሞ ይህን እናስላ። የወንዝ ዳር ሥር ያለው ነገር ካልያዘው በየክረምቱ ይናዳል። ዘንድሮ ሁለት ትልም ለማግኘት የታረሰ ዳር ለከርሞ አራት ትልም ይዞ ሊወርድ ይችላል። ዶቅማ፣ ሸምበቆና ሣር ያለበት ዳር ግን ሥሩ አፈሩን እንደ ጣት ጨብጦ ይይዘዋል። የተተወው ዳርቻ ጦሙን አያድርም። መኖ፣ የአጥር እንጨትና የንብ አበባ ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ግን ከምንጭና ከወንዝ ዳር ራቅ ቢል ይሻላል፤ ውኃ በጣም ይጠጣልና።

የሚጠጣ ውኃ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚል አባባል አለ። ወንዝ አጠገብ እየኖሩ ንጹሕ ውኃ ማጣት ማለት ነው። ውኃው አለ፤ የሚጠጣ ግን አይደለም። ከላይ ልብስ ይታጠብበታል። ከብት ይገባበታል። ሜዳ የተጸዳዳበት ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዙ ይታጠባል። የላይኛው መንደር የታችኛውን መንደር ሳያውቅ ያስታምመዋል። በጣና አካባቢ በዝግታ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታም አለ። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። በሽታው በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃው ውስጥ በመቆምም ይይዛል።

ምን ይደረግ? የወንዝ ውኃ እስኪንተከተክ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ከድናችሁ ጠጡ። ምንጩን እጠሩ። ሰው ከላይ ይቅዳ፤ ከብት ከዚያ በታች ይጠጣ፤ ልብስ ከሁሉም በታች ይታጠብ። መጸዳጃ ጉድጓድ ከወንዝ ርቆ ይቆፈር። ይህ ለራስ ብቻ አይደለም። ከታች ላለው ሰው ነው። ከእናንተ በላይ ያለውም ለእናንተ እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁና።

ጣና

ግልገል ዓባይ መጨረሻው ጣና ነው። ወደ ጣና በወንዝ ከሚገባው ውኃ ከአሥር እጅ ዘጠኙን የሚበልጠው ከአራት ወንዞች ነው። እነሱም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ከአራቱ ትልቁን ድርሻ የሚያመጣው ግልገሉ ነው። ስሙ ግልገል ይሁን እንጂ በሬ የሚያህል ሸክም ይሸከማል።

ወንዙ ሐይቁ ሲደርስ ይዘገያል። አስቀድመን እንዳልነው የዘገየ ውኃ ሸክሙን ያራግፋል። ስለዚህ በአፉ ላይ አፈር እየተከመረ፣ ወደ ሐይቁ ውስጥ እንደ ምላስ የወጣ አዲስ መሬት ሠርቷል። ያ መሬት ከሰከላ፣ ከሜጫ፣ ከአቸፈርና ከሌሎቹ ወረዳዎች ማሳ የሄደ ነው። ለማን ተቆጥሮ ይመለስ? አይመለስም።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከፍተኛው ጥልቀቱ 15 ሜትር አይበልጥም። ደለል ለእንዲህ ያለ ሐይቅ ትልቅ አደጋ ነው። ከደለሉ ጋር የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጭን ይመግባል። እምቦጭ በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዓሣ አጥማጁን መረብ እንዳይጥል፣ ገበሬውን ከብት እንዳያጠጣ አድርጓል።

ዓሣም ተጎጂ ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ዓይነቶች አሉ። በክረምት ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ ይሄዳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ይታፈናል። ከላይ ያለ ገበሬ ማሳውን በእርከን ሲይዝ ከታች ያለው ዓሣ አጥማጅ መረቡ ይሞላል። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ወንዙ ግን ያስተዋውቃቸዋል።

ከጣና ወዲያ

አሁን ቀደም ብለን በልባችን ወደያዝነው ነገር እንመለስ። ግልገሉ ጣና ይገባል፤ ትልቁ ዓባይ ከጣና ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ከዚያ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞረዋል። በምሥራቅ ያልፋል፤ በደቡብ ይታጠፋል፤ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከሰከላ ወደ ሰሜን የሄደው ውኃ እንደገና ከሰከላ በስተ ደቡብ ይመጣል ማለት ነው።

ከጣና ሌላም መንገድ ተከፍቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁ ውኃ ከፊሉ በተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ አልፎ በጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ከዚያ ወደ በለስ ወንዝ ይገባል። በለስም ወደ ዓባይ ይገባል። ሁለቱ መንገዶች ጉባ ላይ፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ውኃ ይገናኛሉ። ውኃው ከግድቡ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ካርቱም ከተማ ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።

ድምፅ ሳያሰማ ከጨፌ የወጣው ውኃ እዚህ ሁሉ ይደርሳል። ከአንድ ማሳ የታጠበ አፈርም እንዲሁ ይጓዛል።

የቤት ሥራ

ውድ አንባቢዎቻችን፤ ይህን ጽሑፍ ለቤተሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ከዚያ ይህን ሙከራ አድርጉ። በቁልቁለት ላይ ሁለት ቦታ ምረጡ። አንዱ ሣር ያለበት፣ ሌላው ባዶ አፈር ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከየትኛው ፈጥኖ ወረደ? የትኛው ደፈረሰ?

ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ። አጭር መልስ ይበቃል።

1. በቀያችሁ የሚያልፈው ወንዝ ወይም ጅረት ስሙ ማን ነው? ስሙ ምን ማለት ነው?
2. ከየት ይነሣል? የማን ገባር ነው?
3. ከእናንተ በላይ ማን ይኖራል? ከእናንተ በታችስ?
4. የወንዙ ዳር በልጅነታችሁ ከነበረበት ስንት እርምጃ ሄዷል? ለዕድሜ ጠገብ ሰዎች ጠይቁ።
5. የላይኛው ገበሬና የታችኛው ገበሬ ስለ ፈሰስ ቢጣሉ፣ እናንተ ሽማግሌ ብትሆኑ እንዴት ትፈርዳላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል እንነጋገርበታለን። የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። እናንተው ታነቡታላችሁ፤ እኛ እናዳምጣለን።

ደኅና ሰንብቱ።